የሞላሰስ ጉድጓድና የአባቴ ግዝት

ወንድሜ ስለ ነዳጅ ፊልም ልሠራ ነው ሲለን ቤታችን ውስጥ የደነገጠ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት ዶሮ ሲያረባ ዶሮዎቹ በበሽታ ሲያልቁ፣ ቀጥሎም ቱሪስት አንሸራሽርበታለሁ ብሎ የገዛት ጀልባ ጣና ላይ እንቦጭ አረም መሐል ተይዛ ስትቀር አይተናል። እናቴ ጎመኗን እየቀነጠሰች ነዳጁ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ጠየቀችው። ነዳጁ ፊልሙ ውስጥ እንጂ በእውን እንደማይኖር አስረዳት። «እንዲያ ከሆነ ደግ ነው፤ ሰልፍ የለውም» አለችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

የፊልሙ ታሪክ በንጉሡ ዘመን ነው። አንድ ስግብግብ ነጋዴ ጣና ዳር ባለ የደብር መሬት ላይ ነዳጅ ይሸተውና መቆፈር ይጀምራል። የደብሩ ቄስ መጀመሪያ ጉድጓዱን ይገዝታሉ፤ ጥቁሩ ነገር መፍለቅ ሲጀምር ግን ግዝቱን ረስተው ድርሻ ይጠይቃሉ። ከዚያ ወዲያ ነጋዴውና ቄሱ ማን ከማን የበለጠ እንደሚጎመጅ ሲፎካከሩ አገር ይጠፋል። ወንድሜ ይህን ሲተርክልን ምራቁን መዋጥ ይረሳ ነበር። እኔ ኮሌጅ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን የአልባሳት ኃላፊ ተባልሁ። ኃላፊነቴ ጥብቆ ማጠብ፣ ማስጣትና ቁልፍ በጠፋ ቁጥር መነዝነዝ ነበር።

ነጋዴውን የሚጫወት ሰው ቶሎ ተገኘ። ወረታ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ የወንድሜ ወዳጅ ነው፤ ካቦርት ለብሶ በዚያ ሙቀት መንጎራደድ የሚያስደስተው ብቸኛ ሰው እሱ ይመስለኛል። የቸገረው ቄሱ ነበር። የተጠየቀው ሽማግሌ ሁሉ በክህነት ልብስ አልቀልድም አለ። በመጨረሻ ወንድሜ አባታችንን ለመነው፤ አባቴም ተነሥቶ ከቤት ወጣ።

ለምን እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከፋብሪካው በፊት ግን ዲያቆን ነበር። ቅስና ለመቀበል የቀረው በሥርዓቱ አግብቶ መቁረብ ነበር። እሱ ግን እናቴን ወደደ፤ እናቴ ደግሞ ፈት ነበረች። ፈት ያገባ ዲያቆን ክህነቱ ይፈርሳልና የአባቴም ፈረሰ። ላንቺ ስል ከመቅደስ ወጣሁ ይላታል ሲቀልድ፤ እሷም ውጣልኝ ብዬ ለምኜሃለሁ ወይ ትለዋለች። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ዜማ ሲስት ግን የአባቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ያኔ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

በሳምንቱ አባቴ ራሱ ነገሩን አነሣ። ወንድሜ ያዘጋጀውን ጥምጥም አይቶ ይህ የቄስ ሳይሆን ጥርሱን የታመመ ሰው ጥምጥም ነው አለና ፈትቶ እንደገና ጠመጠመው። ከዚያም እንደሚጫወት ነገረን፤ ነገር ግን መስቀሉ አናጢ የጠረበው፣ ያልተባረከ ተራ እንጨት ይሁን፣ የቀኑ ቀረጻ ሲያበቃም ከእጁ ይወሰድለት። ወንድሜ ሁሉንም እሺ አለ። መስቀሉን የማስቀምጠው እኔ ሆንሁ፤ ከካቦርቱ ቁልፎች ጋራ በአንድ ከረጢት።

ቦታው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ አፋፍ ላይ ያለ የሽንኩርት ማሳ ነው። የማሳው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ባልቴት ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። የሽንኩርት ችግኛቸው ከጎጇቸው ጀርባ መደብ ላይ እየደረሰ ነበርና ማሳው እስከዚያ ባዶ ነው። ችግኙ እስኪዛወር እንድንሠራበት ፈቀዱልን፤ እኛ ደግሞ ውኃ የሚቀዱበትን ዳርቻ የዘጋውን እንቦጭ ልናወጣላቸው ተስማማን። ወንድሜም ቢሆን እንቦጩን አይፈልገውም፤ በንጉሡ ዘመን አልነበረማ። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ሱሪያችንን ሰብስበን እንቦጭ እንጎትታለን፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣና መልሶ ያመጣዋል። ንጉሡ ከዙፋናቸው እስኪወርዱ እንዲህ ስንጎትት እንኖራለን ይል ነበር የወረታው ነጋዴ።

ጉድጓዱ የሰው ቁመት ያህል ተቆፈረ፣ ከላዩም ባሕር ዛፍ አጠና ቆመ። ወንድሜ ነዳጅ የሚሆነው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው ብሎ ነበር፤ እማማ ማሳዬን ትገድላለህ ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ለከብት መኖ የሚሸጠውን የስኳር ፋብሪካ አተላ፣ ሞላሰስ፣ በበርሜል አስመጥቶ የከሰል ብናኝ ጨመረበትና ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጠው። ካሜራ ላይ እውነተኛ ነዳጅ ይመስል ነበር። ችግሩ ንብ መውደዱ ነው። አንድ የቁጣ ትዕይንት ስናነሣ የወረታው ነጋዴ ከንፈሩን ተነድፎ አበጠ፤ እብጠቱ እስኪወርድ ስግብግብነቱ በጎን በኩል ብቻ ተቀረጸ።

ከዚያ የሰፈሩ ፍየሎች ጉድጓዱን አገኙት። ፍየሎቹን የተከተሉ ሰዎች ጥቁሩን ነገር አዩ፤ አንዱ በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰ። በማግሥቱ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀን። ግማሹ ነዳጅ ወጥቷል አለ። የቀመሱት ደግሞ ነዳጅስ እንዲህ አይጣፍጥም፣ ይህ የእግዜር ሥራ ነው፣ ጠበል ነው አሉ፤ ጀሪካን ይዘውም መጡ። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነዳጅ እንዳልሆነ፣ ፊልም እንደሆነ፣ ሞላሰስ እንደሆነ ለፈፈ። አንድ ሽማግሌ በትዕግሥት ሲያዳምጡት ቆይተው ነዳጅ ያገኘ ሰው አላገኘሁም ይላል እንጂ አገኘሁ ብሎ ሲናገር ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩት። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሜ በካደ ቁጥር ነዳጁ እየበዛ ሄደ።

በአባቴም የደረሰው ያው ነው። ጥምጥሙንና ካባውን ለብሶ ተራውን ሲጠብቅ ሴቶች መስቀል ሊሳለሙ ይመጣሉ። ቄስ አይደለሁም ይላቸዋል። እነሱ ደግሞ ቄስ ነኝ የሚል ቄስ ሞልቷል፣ አይደለሁም የሚል ግን የበቃ አባት ብቻ ነው ብለው ጉልበቱን ይስማሉ። አባቴ አምርሮ ሲቆጣቸው ደግሞ ቁጣቸውም የአባት ነው አሉ። እኔ ሳቄ ቢመጣም መሳቅ አልቻልሁም፤ አባቴ ፊቱ በላብ ርሶ መስቀሉን ከጀርባው ይደብቅ ነበር።

ሁሉንም ያበላሸው የእማማ ሟች ባል ታናሽ ወንድም ነው። ወሬውን ሰምቶ አንድ ቅዳሜ ገመድ፣ ችካልና አካፋ የያዙ ጎረምሶች አስከትሎ መጣ። «ማሳው የሟቹ ወንድሜ ነው፤ እሱ ከሞተ የእኔ ነው» አለ። መሬቱ በእማማ ስም ነው፤ ግን በስም መያዝና አካፋ የያዘ ጎረምሳ ፊት መቆም የተለያየ ነገር ነው። ሰውዬው ክፉ ቃል እንኳ አልተናገራቸውም። ችካል እያስመታ፣ ሽንኩርት ከሆነ የቸገርዎ እኔ ከገበያ እየገዛሁ አመጣልዎታለሁ ይላቸው ነበር። እማማ ያን ማሳ ካጡ ሌላ የሚበሉበት የላቸውም። ነጠላቸውን ጥርሳቸው ውስጥ ከተው ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ዓይናቸው ጥምጥሙን ጠምጥሞ ተራውን በሚጠብቀው አባቴ ላይ አረፈ።

«አባ፣ አንድ ነገር ይበሉ እንጂ» አሉት።

አባቴ ሕግ አያውቅም፣ ጉልበት የለው። አፉ ውስጥ የነበረው ሲያጠናው የከረመው ቃል ብቻ ነው፤ ወንድሜ ለፊልሙ ቄስ የጻፈው። እንጨት መስቀሉን ከፍ አደረገና በዚያ ድሮ ለቅዳሴ በተገራ ድምፁ ጮኸ።

«በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን፣ ባለቤት ይሁን ባዳ፣ በዚህ መሬት ላይ ብረት ያሳረፈ የተወገዘ ይሁን!»

ጎረምሶቹ አካፋቸውን ጣሉ። ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ገመዱን እንኳ ሳይሰበስብ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየረገጠ ከማሳው ወጣ። ወንድሜ እጄን አጥብቆ ይዞ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም አለኝ። ካሜራው ግን አልተከፈተም ነበር።

ያን ቀን ከተማ የገባነው እየተሳሳቅን ነው። እማማ መሬታቸው ተረፈላቸው፣ አባቴም ባለውለታ ሆነ አልን። አባቴ ብቻ ሹም አቦ ሰፈር እስክንደርስ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንመለስ ከጎረምሶቹ አካፋዎች አንዱ እንደተተከለ ቆሟል። መንቀልም ብረት መንካት ነው፣ አይደለም በሚል ሽማግሌዎች ተከራክረው ስላልተስማሙ አጥረውታል። ከሰፈሩ የቀጠርናቸው ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ። የካሜራው ማቆሚያ እግሩ ብረት ስለሆነ ማሳው ላይ እንዳይቆም ተከለከለ፤ ወንድሜ ከሥሩ ሳንቃ አነጠፈ፤ ሳንቃው ውስጥ ሚስማር ተገኘበት። አባባ፣ የገዛ ልጅህን ፊልም ገዘትህ እያለ ፀጉሩን ይነጫል። የወረታው ነጋዴ በዚህ ጊዜ እኔን ይሄ ነገር አይመለከተኝም፣ እኔ ልቆፍር ብሎ ዶማ አነሣ። እማማ ደጃቸው ላይ ሆነው ሲያዩት ግን ዶማውን አስቀመጠ። «እኔን ባይዘኝም እሳቸውን ይዟቸዋል» አለ።

ያኔ ነው የእማማን ነገር ያስተዋልነው። ችግኙ ከመደቡ መዛወር ካለበት ጊዜ አልፎ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ማሳው ግን አልተነካም። ባለቤት ይሁን ባዳ ተብሏልና እሳቸውም ዶማ አላሳረፉም። በወይራ እንጨት ሊፈለፍሉ ሞክረዋል፤ ጥቁሩ አፈር ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ እንጨቱ ተሰብሮ መዳፋቸውን ቀዶታል። ከማንም የተበደሉ አይመስሉም። መሬቴን አዳኑልኝ እያሉ አባቴን ያመሰግናሉ፣ በዚያው ችግኛቸው ዓይናቸው እያየ ይሞታል። አባቴ የተሰበረውን እንጨት አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ያገላብጠው ነበር።

በመጀመሪያ የሄድነው ወደ አጥቢያቸው ቄስ ነው። ወጣት ናቸው፤ ነገሩን ሰምተው ሳቃቸውን ለመደበቅ አሳሉ። ከዚያ ግን ኮስተር ብለው ሥልጣን የሌለው ሰው ሊገዝት አይችልም፣ ስለዚህ ግዝት የለም፣ የሌለ ግዝት ደግሞ አይፈታም አሉ። እማማንም አስጠርተው ይህንኑ ነገሯቸውና ይቆፍሩ አሏቸው። እማማ ማታ ለጎረቤቶቻቸው የነገሯቸው ቄሱም እንኳ መፍታት አቃታቸው ብለው ነው። ያሰረው ካልፈታው ማን ይፈታዋል ብለው ሰፈርተኞቹም ተስማሙ።

ቀጥሎ አባቴ እውነቱን ሊነግራቸው ቆረጠ። ሹራቡን ለብሶ፣ የፋብሪካ ቆቡን ደፍቶ፣ እናቴን ምስክር አድርጎ ሄደ፤ እኔም አብሬ ነበርሁ። እማማ ደጅ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡን። አባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው፤ ዲያቆን እንደነበረ፣ ክህነቱን እንዳፈረሰ፣ ጨርቅ ሲያቀልም እንደኖረ፣ ጥምጥሙ የልጁ እንደሆነ። እጁን ዘርግቶ ከጥፍሩ ሥር ያልለቀቀውን ሰማያዊ ቀለም አሳያቸው።

«የበቃ አባት ማዕረጉን ይሸሽጋል አባ» አሉት በርኅራኄ።

እናቴ አላስቻላትም። «ኧረ እማማ፣ ሚስቱ እኔ ነኝ፤ ይኸው ልጃችን!»

እማማ ወደ እናቴ ዞረው እጇን ያዙ። «ጥለውሽ መነኑ?» አሏት። «አይዞሽ ልጄ፣ ዋጋሽን አታጪም።»

እናቴ መንገድ ሙሉ ትስቅ ነበር፤ ቤት ስንደርስ ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሳቅ እንባ መስሎኝ ነበር። «በእኔ የተነሣ ነው» አለች። አባቴ ወደ ጓዳ ገብቼ የመስቀሉን ከረጢት እንዳመጣለት ጠየቀኝ።

ንዴት ተሰማኝ፤ ዛሬም ሳስበው ይሰማኛል። ግዝቱን ያኔ አምልጦት ነው የተናገረው፤ አሁን ግን እያወቀ ሊያደርገው ነው። ዕድሜ ልኩን ከቅኔ ማህሌቱ በር እንኳ አልፎ ለመግባት የሚያፍር ሰው፣ የቄስ ልብስ ለብሶ፣ ሰው ሊፈታ። እንዳይሄድ ለመንሁት። ችግኙ እስከ ስንት ቀን ይቆያል ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። እኔም አላውቅም አለና ጥምጥሙን መጠምጠም ጀመረ።

ወንድሜ ካሜራውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፊልሙ ያለዚያ ትዕይንት አያልቅም፤ ቄሱ በመጨረሻ ግዝታቸውን የሚፈቱበት ትዕይንት ነው፤ ከእንግዲህ ደግሞ አባቴ ሌላ ቀን ያን ልብስ እንደማይለብስ ያውቃል። አባቴ ካሜራው ከመጣ አልሄድም አለው። ወንድሜ ሲከራከር አባቴ አልተቆጣም፣ ብቻ ልቡ እስኪመለስ ይጠብቀው ነበር። ወንድሜ ካሜራውን እናቴ አልጋ ላይ አስቀምጦ መኪና ሊያስነሣ ወጣ። ፊልሙ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ በዚህ ጉዳይ ወንድሜ አባቴን አንድም ቀን ሲወቅሰው አልሰማሁም፣ ስለዚህም በሌላው ሁሉ ይቅር ብዬዋለሁ።

ማሳው ላይ ስንደርስ እማማ የነገራቸው ሰው ሳይኖር ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳርቻው ላይ ቆመዋል። ነፋሱ እንቦጩን ሁሉ ወደ እኛ አምጥቶት ሐይቁ ሜዳ መስሏል። የባላቸው ወንድምና ጥቂት ሰዎች ከሩቅ ያያሉ። አባቴ ወንድሜን እዚያው መንገዱ ላይ ትቶት በእኔ ተደግፎ ወደ እማማ ሄደ። 

«የምፈታው ለእርስዎ ብቻ ነው» አላቸው፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሌላው እንደታሰረ ነው።»

እማማ ዶማውን አስቀምጠው አፈሩ ላይ ተንበረከኩ። አባቴ መስቀሉን ከኔ ተቀብሎ ራሳቸው ላይ ሊያደርገው ሲል እጁ ቆመ። ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ የሚለው ይቅርታ መሆኑን ለማወቅ መስማት አላስፈለገኝም። ከዚያ መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አሳረፈው።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለ። ድምፁ ያ የቅዳሴው አልነበረም፤ የገዛ ድምፁ ነበር፣ የተሰነጠቀ።

እማማ መስቀሉን ተሳልመው ተነሡ። ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ዶማቸውን አነሡ፤ መሬቱን ሊመቱ ካነሡት በኋላ ግን መልሰው ዝቅ አደረጉትና አባቴን ፊት ለፊት አዩት።

«እርስዎንስ?» አሉት ቀስ ብለው። «እርስዎን ማን ይፍታዎ?»

 መስቀሉ አባቴ እጅ ላይ እንደ ተራ እንጨት ተንጠልጥሏል። 

«እንግዲያው እኔው ልበልዎ» አሉ እማማ። የተቀደደ መዳፋቸውን ዘርግተው ደረቱ ላይ አሳረፉት። «እግዚሃር ይፍታዎ።»

አባቴ አሜን አለ። እማማም ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው መቆፈር ጀመሩ።